ጣውንቴ ያልተረጎመችልኝ

የባሌ ዘመዶች ደሙ የጀመረኝ ባሌ ሁለተኛ ሚስት ካገባ በኋላ ነው ይላሉ። ቅናት ነው ያደማት ተብሎ ድሬዳዋ ድረስ ተወርቷል። ውሸት ነው። ደሙ ሁለተኛዋን ሚስት በብዙ ዓመት ይቀድማታል። እንዲያውም እሷን ያመጣት እሱ ነው ማለት ይቻላል። ይህን ግን የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ፣ እግሮቼን ከፍቼ በተኛሁበት የሐኪም አልጋ ላይ ነው።

ጅቡቲ የመጣሁት በሙሽርነት ነው። ባሌም እንደኔው የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ አባቶቻችን ጎን ለጎን ሱቅ ነበራቸው። እሱ ትራንዚተር ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዕቃ ከወደብ ያስለቅቃል፣ መኪና ላይ ያስጭናል፣ ቀኑን ሙሉ ከሾፌሮችና ከጉምሩክ ሰዎች ጋር በስልክ ይጯጯሃል። መጀመሪያ የኖርነው አርሂባ ነበር። በሬን ከፍቼ ስቀመጥ የወደቡ የናፍጣ ሽታና የባሕሩ ሽታ ተደባልቆ ይገባል። በኋላ እኔ ካርቲዬ 2 ውስጥ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ከፈትኩ። ሽቲ፣ ድሪያ፣ ሻሽ፣ ለሰርግ የሚሆን ሐር እሸጣለሁ። ፈረንሳይኛዬም እዚያው ሱቅ ውስጥ ከደንበኛ አፍ የተለቀመ ነው። ቁጥር አውቃለሁ፣ የቀለም ስም አውቃለሁ፣ ለልጅ ነው ወይስ ለትልቅ ሰው ብዬ መጠየቅ እችላለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ሰው ይተረጉምልኛል።

በተጋባን ብዙም ሳንቆይ አርግዤ ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላው ወረደ። ሐኪም ቤት ወስደው ማህፀኔን ጠረጉትና «ወጣት ነሽ፣ ቶሎ ትይዣለሽ» ብለው ሸኙኝ። አልያዝኩም። አማቴ ከድሬዳዋ በሚመጣ ሰው ሁሉ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ፣ የደረቀ ቅጠል፣ በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት ይልኩልኝ ነበር። ሁሉንም ጠጣሁ። አንዱ ዱቄት አፌን አቁስሎኝ ምግብ መብላት አቅቶኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

«ማህፀንሽ ደርቋል ልጄ» ይሉኝ ነበር በስልክ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መርዶ እንደሚነግር ሰው።

ደረቀ የተባለው ማህፀን መድማት ጀመረ። መጀመሪያ በወር አበባና በወር አበባ መሀል ጠብ የምትል ነገር ነበረች። ቀስ በቀስ ወር አበባው ራሱ የማያባራ ሆነ። አለቀ ብዬ ታጥቤ ለሶላት እቆማለሁ፤ ግንባሬን መሬት ላይ እንዳደረግኩ ይመጣል። ነጭ ልብስ መልበስ ተውኩ። ሰው ቤት ስሄድ ምንጣፉን አይቼ ነው የምቀመጠው። ረመዳን ሲገባ የትኛውን ቀን እንደምጾም ጠፋኝና ሴቶችን ቁርኣን የምታስቀራ አንዲት ኡስታዛ ጠየቅኳት።

«የለመድሽውን የወር አበባ ቀን ያህል ተዪው። ከዚያ የሚያልፈው የበሽታ ደም ነው፤ ታጠቢና ስገጂ፣ ጹሚም» አለችኝ።

ትክክል ተናገረች። ግን የለመድኩት ቀን የትኛው እንደነበር እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

ባሌ የወሰደኝ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር፣ ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ጀርባ ወዳለ የግል ክሊኒክ ነበር። ሐኪሙ ሸምገል ያሉ፣ ንጹሕ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው በአልትራሳውንድ አዩኝ። በፈረንሳይኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። ባሌ ዞሮ «የማህፀንሽ ግድግዳ ወፈር ብሏል፣ ሆርሞን ነው፣ ክኒን ውሰጂ» አለኝ። ክኒኑን ስወስድ ይቆማል፣ ስጨርስ ይመለሳል። ሌላ ክኒን ታዘዘልኝ። እሱም እንደዚያው። ደግሞ አንድ ጊዜ «እንጥረገውና ላቦራቶሪ ይታይ» ብለው ጠረጉኝ። ውጤቱ ምንም የለበትም ተባለ።

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚደማው? ጠይቅልኝ» አልኩት ባሌን።

ጠየቀልኝ። ሐኪሙ ፈገግ ብለው ብዙ ተናገሩ። ባሌ «ጭንቀት አታብዢ ነው የሚሉሽ» አለኝ። ያ ሁሉ ፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ ሲመጣ ሁለት ቃል ሆነ።

ከዚያ አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ ጫቱ ከመድረሱ በፊት፣ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ባሌ በዚያ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጦ አያውቅም።

«የማስበው ነገር አለ» አለኝ።

«አግባ» አልኩት።

ደነገጠ። «ማን ነገረሽ?»

«እናትህ የሚያውቁትን እኔ ሳላውቅ እቀራለሁ?»

«ልጅ እፈልጋለሁ፤ ሌላ ነገር የለውም። አንቺ የትም አትሄጂም። ቤትሽ ቤትሽ ነው።»

ቤቴ ቤቴ ሆኖ ቀረ። እሱ ግን ልብሱን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ሌላኛው ቤት ወሰደው። ሸሚዞቹን እኔው ተኩሼ ነበር የምሰጠው።

ሁለተኛዋ ጅቡቲ የተወለደች የድሬዳዋ ሰዎች ልጅ ናት። በፈረንሳይኛ ነው የተማረችው፤ አማርኛዋ እናቷ ቤት ውስጥ ያስተማረቻት አማርኛ ነው። ከእኔ በብዙ ዓመት ታንሳለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጠይቀኝ የመጣችው ሱቄ ድረስ ነው፣ ከባሌ አክስትና ከሁለት ዘመዶቹ ጋር። እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ። ሲገቡ ልነሳ ስል ተሰማኝ፤ ደሙ ልብሴን አልፎ ወንበሩ ላይ ወርዷል። አልተነሳሁም። ተቀምጬ እጄን ዘረጋሁ። የባሌ አክስት ፊቷን አጥቁራ ወጣች፣ የቀሩትም ተከተሏት። ትልቋ ሚስት አዲሷን ተነስታ እንኳ አልተቀበለቻትም የሚባለው ወሬ የተጀመረ ያን ቀን ነው።

ልጅቷ ከበር ተመለሰች። ምንም ሳትለኝ ከመደርደሪያው ጥቁር ጨርቅ ስባ አወረደች፣ ትከሻዬን ደግፋ አነሳችኝና ወገቤ ላይ አዞረችልኝ። ከዚያ ወንበሩን በራሷ መሐረብ ጠረገችው።

«ማንም አላየም አባዮ» አለችኝ። በዚህ ከተማ ሴት ለሴት እንዲህ ነው የምትጠራራው፣ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

ያን ቀን የጠላኋትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

ዓመት ሳይሞላት ሴት ልጅ ወለደች፣ ቀጥሎ ወንድ። አማቴ ከድሬዳዋ መጥተው ከረሙ። እኔ ልጆቹን አጥቤአለሁ፣ አስተኝቼአለሁ፣ በጀርባዬ አዝዬአለሁ። ሴቷ «ትልቋ» ትለኛለች፤ ማን እንዳስተማራት አላውቅም፣ ከእማም ከአክስትም የተለየ ስም ነው። ልጅ ጥፋት የለበትም። ይህን ለራሴ በየቀኑ መንገር ነበረብኝ፤ ያልነገርኩት ቀን ልቤ ሌላ ያስባል።

አንድ ክረምት ላይ፣ ያ የሚያቃጥል የበረሃ ነፋስ ከተማውን ቁልቁል ሲነፍስ፣ ለሙሽራ ሐር እየቀደድኩ ሳለ ወደቅኩ። ስነቃ ሆስፒታል ነኝ፣ ወደ ክንዴ በቱቦ የሰው ደም ይንጠባጠባል። ሰውነቴ ውስጥ የቀረው ደም በእግር ለመቆም እንኳ አይበቃም ብለዋል። የወጣሁ ዕለት ብቻዬን መሆን ስለማልችል ወደ ሁለተኛዋ ቤት ወሰዱኝ። ሽማግሌው ሐኪም በስልክ ለባሌ ነግረውታል፤ መፍትሔው ማህፀኑን ማውጣት ነው።

ባሌ ይህን የነገረኝ ከመቃሚያው ክፍል ነው። እሱ ትራሱን ተደግፎ ይቅማል፣ እኔ በሩ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተጋድሜአለሁ፣ አንድ የሥራ ጓደኛውም ነበር። ሰውየው እንኳ አፍሮ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

«ሐኪሙ ባሉት ይውጣና ተገላገይ» አለኝ። «ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል?»

ጫቱን እያኘከ ነው የተናገረው። ክፋት የለበትም፤ እንደሱ ሐሳብ ምክር ነው። ሁለተኛዋ ሻይ ይዛ ከበሩ ቆማ ነበር። ልጁን በጎኗ ይዛዋለች።

«ውስጡን ማን አይቶት ነው የሚወጣው?» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሁልጊዜ ከላይ ነው ያዩዋት። የጠረጓትም በጭፍን ነው። ገብቶ ያየ ሰው የለም። እኔን ያዋለደችኝ ሐኪም በካሜራ ውስጡን ታያለች፣ ለእህቴም አድርጋላታለች።»

«አንቺ ደግሞ ዛሬ ሐኪም ሆንሽ?»

«ሐኪም አልሆንኩም። የሚያወጡት የሰው አካል ነው፣ እያልኩ ነው ያለሁት።»

እሱ እጁን አወዛወዘና ወደ ጓደኛው ዞረ። እሷ ሻዩን አስቀምጣ ወጣች። በማግስቱ ጠዋት ልጆቹን እናቷ ጋ አድርሳ፣ ታክሲ አቁማ፣ ደግፋ አስገባችኝ። ባሌ ዶራሌ ወደብ ነበር፤ አልነገርነውም።

ሐኪሟ የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ሌላ አገር ተምራ የመጣች፣ ፈጠን ያለች ሴት። የምታወራው በፈረንሳይኛ ነው። ታሪኬን ከወረደው ልጅ ጀምራ ጠየቀችኝ። ማንም ከዚያ ጀምሮ ጠይቆኝ አያውቅም። ጣውንቴ እየሰማች ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች፣ አማርኛው ሲያልቅባት በእጇ ታሳየኛለች።

«ቀጭን ቱቦ ነው፣ ጫፉ ላይ ካሜራ አለው። በማህፀንሽ በር ያስገቡታል። ማህፀኑ እንዲከፈት የጨው ውሃ ይለቁበታል፣ ከዚያ ውስጡ በቴሌቪዥን ይታያል። ኢስቴሮስኮፒ ነው የሚባለው። ቢላዋ የለም፣ ስፌት የለም። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያምሻል። አቁሙ ካልሽ ያቆማሉ።»

ደሙ እየወረደ ጥሩ ስለማይታይ፣ ማቆሚያ ሰጥታ ስደርቅ እንድመለስ ቀጠረችኝ። የተመለስኩ ቀን ነርሷ ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችኝና ሽንት አምጪ አለችኝ።

«ለምንድን ነው?» ብዬ ጣውንቴን ጠየቅኳት።

አንገቷን ደፋች። «እርግዝና ካለ አይሠራም። ለሁሉም ሰው ነው የሚያደርጉት።»

ሳቅሁ። መሳቅ የማይገባ ቦታ ላይ፣ ጮክ ብዬ፣ ነርሷ ዞራ እስክታየኝ ድረስ ሳቅሁ። ብልቃጡን ይዤ መጸዳጃ ቤት ገባሁና ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ።

አልጋው ላይ ተኝቼ እግሮቼን ማስቀመጫው ላይ አደረጉልኝ። ጣውንቴ ራስጌዬ ቆማለች። ሴት ልጅ ጣውንቷ ፊት እንዲህ ሆና ትተኛለች ብሎ ማን ያስባል? ልብሴን እስከ ጉልበቴ ልታወርድልኝ ሞከረች፣ ሐኪሟ መልሳ ገለጠችው። ቱቦው ሲገባ መጀመሪያ የሚሰማው ቅዝቃዜ ነው። ቀጥሎ ሰው ሆዴን ከውስጥ በጡጫ የጨበጠኝ መሰለኝ። ጥርሴን ነከስኩ። ጣውንቴ እጇን ሰጠችኝ፤ አልያዝኩትም፣ የአልጋውን ጠርዝ ያዝኩ።

ከዚያ ሐኪሟ ቴሌቪዥኑን ወደኔ አዞረችው።

ማህፀኔን አየሁት። አማቴ ደርቋል ያሉት፣ ባሌ ምን ያደርግልሻል ያለው። ትንሽ ቀላ ያለ ክፍል ነው፣ ለስላሳ፣ ውሃ ውስጥ ያለ። ሁለት ጥጉ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፣ ቱቦዎቹ ከዚያ ይጀምራሉ አለችኝ ጣውንቴ። ምንም የከፋ ነገር የለውም። እንደሰው ማህፀን ነው። ካሜራው ትንሽ ሲዞር ግን ከጣራው የተንጠለጠለ ነገር መጣ፤ እንደ ረዘመ የወይን ፍሬ ያለ፣ ከዙሪያው ቀላ ያለ፣ ውሃው ሲነካው የሚወዛወዝ። ላዩ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። ጫፉ ላይ ደም ነበረ።

«ፖሊፕ» አለች ሐኪሟ። ይህ ትርጉም አላስፈለገውም፣ ጣቷን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጋ ነው ያለችው።

ጣውንቴ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ተረጎመች። «የሚያደማሽ ይሄ ነው። ሥጋ ነው፣ በቀጭን እግር የተንጠለጠለ። በአልትራሳውንድ ሲያዩት ግድግዳ የወፈረ ይመስላል ትላለች። በጭፍን ሲጠርጉ ደግሞ የመጥረጊያው ማንኪያ ባጠገቡ ያልፋል፣ እሱ ወደ ጎን ይተኛና ይቀራል።»

«ካንሰር ነው?» አልኩ።

«አይመስለኝም ትላለች፤ ግን ቁራጭ ወስዳ ላቦራቶሪ ትልካለች።»

ሐኪሟ ቀጠለች። ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ ነው፣ የምትናገረው ለጣውንቴ ነው፣ እኔ የማልሰማ ይመስል። ቃላቱ ሲያልፉ የማውቃቸውን ለቀምኩ። ድፕዊ ሎንታን አለች። ሱቄ የሚመጡ ሴቶች ቆይቶ የደበዘዘ ጨርቅ ሲያዩ የሚሉት ነው፤ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ። ቀጥሎ ፔ-ቴትር አለች፤ ደንበኛ ሳይገዛ ሲወጣ የሚለው ነው፤ ምናልባት። ቀጥሎ ኦንፋን አለች። ልጅ። የልጅ ልብስ የሸጠች ሴት ይህን ቃል አትስተውም። ሦስቱ ቃላት አንድ ላይ ሲቆሙ የሚሉትን ለማወቅ ፈረንሳይ አገር መማር አያስፈልግም።

ጣውንቴን ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ምን አለች?»

«ቆይቷል ነው የምትለው» አለችኝ። «አሮጌ ነው።»

ሐኪሟ ቀና ብላ ጣውንቴን አየቻት፣ የሆነ ነገር ጠየቀቻት። «ነገርሻት?» ያለቻት ይመስለኛል። ጣውንቴ አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ሐኪሟ ሥራዋን ቀጠለች። ቁራጩን ሲወስዱ እንደ ቁንጥጫ ተሰማኝ፤ ከዚያ ቱቦው ወጣ፣ ውሃው በጭኔ ወረደ፣ አለቀ። ለዓመታት ሰው ሁሉ የየራሱን ስም የሰጠው ነገር፣ አንዲት ሴት ቡና ሳይበርድባት ልታየው የምትችለው ነገር ነበር።

ታክሲ ውስጥ ኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሾፌሩ በሶማሊኛ ስልክ ያወራል፣ መስኮቱ ተከፍቶ ሙቁ አየር ይገባል። ወደብ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች መንገዱን ዘግተውት ቆመናል።

«ስለ ልጅ የተናገረችውን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ሰምቻለሁ። ኦንፋን አለች።»

«ምናልባት ነው ያለችው አባዮ» አለችኝ። «እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለች። ያለበት ቦታ ላይ ከሆነ ጽንስ እንዳይይዝ ያደርጋል፣ የያዘውም እንዳይቆይ ያደርጋል፤ ለሁሉም ሴት አይደለም አለች። ቀድሞ ቢወጣ ኖሮ… ምናልባት።»

«ለምን ደበቅሽኝ?»

ሻሿን አፏ ላይ አደረገች።

«ያ ነገር ቀድሞ ቢወጣ እኔ ወዳንቺ ቤት አልመጣም» አለች። «ልጆቼ የሉም። አሁን ይህን በየትኛው አፌ ነው የምነግርሽ? እሰይ ልበልሽ? ይቅርታ ልበልሽ?»

እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ የመኪኖቹን ጎማ አያለሁ። የሚያለቅስ ሰው እሷ መሆኗ ያንገበግበኝ ነበር። የኔ እንባ እንኳ ተቀድሞብኛል አልኩ በልቤ።

የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ በፍርሃት ሰነበትኩ። መጣ፤ ክፉ ነገር የለበትም። በሌላ ቀጠሮ በማደንዘዣ አስተኝተው በዚያው በካሜራው እያዩ ፖሊፑን ከሥሩ ቆርጠው አወጡት። ማህፀኔ ቦታው ላይ ቀረ። ያን ቀን ባሌ ዕቃ አስለቅቃለሁ ብሎ ቀረ፣ ማታ ላይ ፍራፍሬ በፌስታል ይዞ ቤቴ መጣ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልሽ» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። የታየውን፣ የቆየበትን ጊዜ፣ ሐኪሟ ያለችውን። ለዓመታት መካን ነሽ ስባል ኖሬ፣ ሆዴ ውስጥ ተንጠልጥሎ የኖረ ሥጋ እንደነበረ። ሲሰማኝ ቆየ። አንድ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ምን እንዲል እንደፈለግኩ አላውቅም፤ ዝም ቢልም ይበቃኝ ነበር።

«ምናልባት አለች እንጂ ነው አላለችም» አለኝ። «የአላህ ውሳኔ ነው። ደግሞ አሁን ይህን ማንሳት ምን ይጠቅማል?»

«ለማን?»

«ለማንም። ልጆቹ አንቺንም እማ ይሉሻል።»

«ትልቋ ነው የሚሉኝ።»

አልገባውም። ብርቱካኑን ልጦ ሰጠኝ። በላሁት።

በሚቀጥለው ወር ወር አበባዬ መጣ። በቀኑ መጣ፣ በቀኑ ቆመ። ሴት ሁሉ የሚያየው፣ ትንሽ፣ የማያስፈራ ደም። መታጠቢያ ቤት ወለሉ ላይ ተቀምጬ አየሁት። እንዲህ ነበር የሚሆነው ለካ። ወጣት ሳለሁ ሊሆን ይገባው የነበረው ይሄ ነበር። ሰው ቢያየኝ በደስታ የማለቅስ ይመስለው ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፤ ዕድሜዬ ደርሶ በወጉ ቆመ።

ሽማግሌው ሐኪም ጋም ሄጃለሁ። ልሳደብ አልነበረም፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው። ጣውንቴን ተርጉሚልኝ ብያት አብራኝ መጣች። ወረፋ ጠብቀን ገባን። የካሜራውን ፎቶ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ ወደ ብርሃኑ አቅርበው አዩት።

«እሺ፣ ጥሩ፣ ጥሩ» አሉ። «እኔም ጠርጥሬ ነበር።»

ጣውንቴ ሳትጨምርም ሳትቀንስም ነበር የተረጎመችው።

«ከጠረጠሩ ለምን አልተናገሩም በያቸው።»

አለቻቸው። ሐኪሙ ትከሻቸውን ሰበቁ፣ ያኔ መሣሪያው በቅርብ አልነበረም አሉ፣ አሁን ደህና ከሆንኩ ዋናው እሱ ነው አሉ። ፎቶውን መለሱልኝ። ለቀጣዩ ታካሚ ደወሉ። በሩ ላይ ከአንዲት ልጅ እግር ሴት ጋር ተላለፍን፤ ጥቁር ልብስ ለብሳለች፣ ስትቀመጥ መጀመሪያ ወንበሩን አየችው። ባሏ ቀድሟት ገብቶ ነበር። ጣውንቴ ክንዴን ያዘችኝ እንጂ ልናገር ነበር። ምን ብዬ? ከባሏ ፊት? ወጣን።

ከዚያ በኋላ ባሌ ቤት አልተቀመጥኩም። አልተፋታንም፤ ፍቺ ለመጠየቅ ቃዲ ፊት ቆሜ የሆዴን ነገር ለወንዶች መተረክ አልፈለግኩም። ከሱቄ ጀርባ ያለውን ክፍል አስቀባሁ፣ አልጋዬን አስገባሁ። ሂጂም አላለኝም፣ ቅሪም አላለኝም። የሱን ሾፌሮች ልኮ ቁም ሳጥኔን አስጭኖ አደረሰልኝ። ለዕቃ ማጓጓዝ ጎበዝ ነው። በበዓል ሥጋ ይልካል፣ አንዳንዴ ራሱ መጥቶ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ጤናሽ እንዴት ነው ይለኛል። ደህና ነኝ እለዋለሁ። እውነት ነው፣ ጤናዬ ደህና ነው። አማቴም ሞቱ፤ እስከመጨረሻው የዳነችው በላኩላት ቅጠል ነው እንዳሉ ነው የሞቱት።

ጣውንቴ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዛ ትመጣለች። ሴቷ አድጋለች፣ ጨርቅ መቁረጥ አስተምራታለሁ። ባለፈው ሰሞን ልጆቹ ውጪ እየተጫወቱ እኛ ሁለታችን ሱቁ ውስጥ ብቻችንን ነበርን። ሻይ በፔርሙዝ ይዛ መጥታለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለችኝ።

«ጠይቂ።»

«ትጠዪኛለሽ?»

ልዋሻት አሰብኩ። ግን ከሰው ሁሉ እሷ ብቻ ናት አንድ ቀን ውስጡን ማን አየው ብላ የጠየቀችልኝ።

«አንዳንድ ቀን» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሻዩን ቀድታ አቀበለችኝ፣ ለራሷም ቀዳች፣ አብረን ጠጣን።